ሌላውን ከራሷ አፍ ይስሙ

ለምወድሽና ዘወትር ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእታለም ሂንድ፤

አሰላሙ ዐለይኪ ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የጅዳ ሙቀትስ በረድ አለላችሁ? አሠሪዎችሽ እንዴት ይዘውሻል? አርብ አርብ እንኳ አረፍ ትያለሽ ወይስ እንደ ድሮው ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ሁላችንም ደህና ነን። እማ ደህና ናት። ሙአዊያም ደህና ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሥራ አብዝቶበት ከስቷል እንጂ ሌላ ነገር የለበትም። ሰሚሃ የፊት ጥርሷን ጥላ ስትስቅ ሌላ ልጅ መስላለች። ከአንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። አንቺ ስልኩን ወጥ ቤት አስቀምጠሽ፣ ድምፁን ለቀሽ፣ ዕቃ እያጠብሽ ነው የምታዋሪኝ። እዚህም እማ ስትመጣ ከጎኔ ሆና “ምን አለች? ምን አለች?” ትላለች። ይህ ወሬ ደግሞ እንደዚያ የሚወራ አይደለም። መስኡዳ ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ እናንተ ልትመለስ ስለሆነ በእጇ ልኬልሻለሁ። ከማንበብሽ በፊት ግን አብሽሪ፣ አይዞሽ፤ መጨረሻው ኸይር ነው።

መስከረም ላይ ነው። ለጁምዓ ስታጠብ በግራ ጡቴ ውስጥ አንድ ጠጣር ነገር እጄን ነካኝ። ባቄላ ያህላል። ውኃውን ዘግቼ ደግሜ ዳበስኩት፤ እዚያው ነው። ወዲያው የመጣችብኝ አክስታችን ዑምኩልሱም ናት። የእሷ እንዴት እንደ ጀመረ፣ ስንት ጊዜ ዝም ብላ እንደ ቆየች፣ መጨረሻዋም እንዴት እንደ ነበር አንቺም አይተሻል። እኔ የኦፕራሲዮን ክፍል ነርስ ነኝ፤ እንዲህ ያለ እብጠት አብዛኛው ክፉ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለታካሚ ሳስረዳው ቀላል ነበር። ለራሴ ስለው ግን አልሰማ አለኝ።

ለባሌ ለሙአዊያ ብቻ ነገርኩት። እሱም “ሐኪም ቤት እየዋልሽ ምን ትጠብቂያለሽ? ነገውኑ ታዪ” አለኝ። የቸገረኝ እኮ እዚያ መዋሌ ነው አልኩት። የእኛ ሆስፒታል ጥቂት ሐኪሞች ተሰባስበው የከፈቷት ትንሽ ቤት ናት። ምሳ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። አንዱ ቢያስነጥስ ሌላው ክፍል “ይማርህ” ይባላል። ኦፕራሲዮን ክፍሉም ሰው ተኝቶ ሳለ በሩ ይከፈታል፤ አንዱ ኦክስጅን ሊቀይር ይገባል፣ ሌላው የተራ ሰዓት ሊጠይቅ ብቅ ይላል። በክፋት አይደለም፤ ዓይናችን ለምዶታል። እኔ ራቁቴን በዚያ ጠረጴዛ ላይ ተኝቼ፣ በነጋታው ከእነዚያው ሰዎች ጋር ቆሜ መሥራት እንዴት ይሆንልኛል?

ስለዚህ ማንም በማያውቀኝ ቦታ ልታይ ብዬ ደሴ ሄድኩ። ቀጠሮው ከረመዷን በኋላ፣ ወራት ቆይቶ ነው አሉኝ። ሳልወጣ ደግሞ አብራኝ የተማረች ልጅ አየችኝና በዚያ ሁሉ ሰው መካከል “ዙሌ! ምን ሆነሽ ነው?” ብላ ጮኸች። ሰው ልጠይቅ መጥቼ ነው ብዬ ዋሸሁና ሚኒባስ ይዤ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። መንገዱን በሙሉ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነበር።

አሁን ስለ ሲስተር የሺሀረግ ልንገርሽ። የኦፕራሲዮን ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ የሐይቅ ሰው፣ ዕድሜያቸው ከእማ ብዙም አያንስም። ፊታቸው በቀላሉ አይፈታም፤ ሲቆጡ ሐኪሞቹም ሳይቀሩ ይደነግጣሉ። አንድ ቀን ሰው ሆድ ውስጥ እንዳይቀር ፋሻ ስቆጥር ተሳሳትኩ፤ ደግሜም ተሳሳትኩ። ሥራው ሲያልቅ ዕቃ ቤት ጠሩኝና በሩን ዘጉ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ “በሰው ነገር ገብቼ አላውቅም፤ አሁንም አልገባም። ግን የከበደሽ ነገር ካለ ከዚህ በር አይወጣም” አሉኝ። እታለም፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው።

አይዞሽም አላሉኝም፣ አልደነገጡምም። መጀመሪያ የጠየቁኝ “ማን እንዲያውቅልሽ ትፈልጊያለሽ?” ብለው ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህ ነገር በእኔ ፈቃድ የሚሆን አልመሰለኝም ነበር። ባሌ፣ የሚቀድደኝ ሐኪምና ሰመመን የምትሰጠኝ ሴት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም፤ እናቴም ብትሆን አልኳቸው። “እሺ። አንቺ ካልጨመርሽ ሰው አይጨመርም” አሉ።

ሐኪሙ አየኝና እብጠቱ ወጥቶ ይመርመር አለ፤ ሕክምናው የቀጠሮ ሥራ በሌለበት ቅዳሜ ጠዋት ሆነ። ቀዳጁ ዶክተር ሙላት ከመግባታችን በፊት መጥቶ “ዛሬ ባልደረባዬ አይደለሽም፤ ታካሚዬ ነሽ። ሰኞ ባልደረባዬ ትሆኛለሽ። ሁለቱን አላደባልቅም” አለኝ። ሰመመን የምትሰጠው ልጅ፣ ሕይወት ትባላለች፣ እጄን ይዛ ቢስሚላህ እስክል ጠበቀችኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን እሷው ናት የነገረችኝ። ኦክስጅን የሚያመጣው ሰው መጣ፤ ሲስተር ከበሩ ላይ ተቀብለው መለሱት። የአስተዳደሩ ሰው “ዛሬ ማን ገባ?” ብሎ ጠየቀ፤ “ታካሚ ገብቷል” ብለውት በሩን ገጠሙት። እስኪያልቅ ድረስ ከበሩ አልተነቃነቁም አለችኝ።

ስነቃ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ራሴ ነው። የኦፕራሲዮኑ ቆብ የለም። ሻሼ ታስሯል፤ ያውም እኔ እንደማስረው፣ መርፌው ከአገጬ በታች በግራ በኩል ገብቶ። ሕይወት “ሲስተር ናቸው፤ ስትነቃ እንደወትሮው ሆኖ ታግኘው ብለው ነው” አለችኝ። ስንት ዓመት ከጎናቸው ስቆም እንዴት እንደማስረው ልብ ብለው ኖረዋል ለካ። ቁስሉ ያመኝ ነበር፤ ያለቀስኩት ግን ለእሱ አይደለም።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። የወጣው እብጠት እንዲመረመር በብልቃጥ ሆኖ ደሴ ተላከ። የወሰደው ሾፌራችን ጁማ ነው፤ ታስታውሺው የለ፣ አምባሰል፣ ውጫሌ የእማ አጥር ጎረቤት የነበረው። ብልቃጡ ላይ ስሜ እስከ አያቴ ተጽፏል። ጁማም አየው። የዕረፍት ቀኑ ሲደርስ ውጫሌ ወጣና ለእማ ነገራት።

በማግስቱ እማ በመጀመሪያው መኪና ደረሰች። ሰው ካርድ ሊያወጣ በተሰለፈበት በር ላይ ቆማ “ልጄን ጡቷን ቆረጧት ወይ? ያ ረቢ፣ እንደ እህቴ ልትሆንብኝ ነው ወይ?” እያለች ጮኸች። እኔ እጄን ታጥቤ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የተከፈተ ሆድ ትቼ መውጣት አልችልም። የወጡት ሲስተር የሺሀረግ ናቸው። ጥበቃው ቃል በቃል ነግሮኛል። “እናቴ፣ ልጅዎ በእግሯ ቆማ ሥራ ላይ ናት፤ እንደ ጨረሰች ትመጣለች። ሌላውን ከራሷ አፍ ይስሙ” አሏት።

እማ መች ትለቃለች! “እኔ እኮ እናቷ ነኝ! ለእናት የማይነገር ምን ነገር አለ?” አለች።

“እውነት ነው፣ እናቷ ነዎት። ለዚህ ነው ከእኔ መስማት የሌለብዎት” አሏት። ከዚያም ክንዷን ደግፈው ከሕዝቡ ዓይን አወጧትና የራሳቸው ክፍል አስቀመጧት፤ ውኃ ሰጥተዋት እኔ እስክመጣ አጠገቧ ተቀመጡ። አንዲት ቃል አልጨመሩም።

ስገባ እማ ተነሥታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ፤ ትከሻዬን ነካካች። ሲስተር ወጡልን። ሁሉንም ነገርኳት። “ስለምን ደበቅሽኝ?” አለችኝ። በዑምኩልሱም ያየሽው ተመልሶ እንዳይመጣብሽ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ እንዳትፈሪ ብዬ ነው አልኳት። “አብሬሽ ብፈራ ይሻለኝ ነበር” አለችኝ። ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም። እውነቷን ነው። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ቀኑን መርጬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ እጇን ይዤ የምነግራት እኔ ነበርኩ። ጁማ የወሰደብኝ ያንን ነው።

ጁማ ራሱ መጣ። “ወላሂ ዙለይሃ፣ ክፋት አልነበረኝም። ስምሽን ሳይ ደነገጥኩ። እኔ ብሆን እንዲነገርልኝ እፈልግ ነበር” አለ። አንተ ብትሆን! አልኩት ተቆጥቼ። አንገቱን ደፍቶ “አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ” አለ። በዚያ ቀን አፉ አላልኩትም፤ ቆይቶ ግን አልኩት። ሲስተር የእኔን ነገር ሳያነሡ ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተነጋገሩ፤ አሁን የማንም ታካሚ ናሙና ስም አይጻፍበትም፤ ቁጥር ብቻ ተሰጥቶት በታሸገ ሳጥን ይሄዳል። ከሁላችን የበለጠ ደስ ያለው ጁማን ነው። “ካላየሁ አልፈተንም፤ እንቅልፌን መለሳችሁልኝ” ይላል።

ከእማ ጩኸት በኋላ የሥራ ጓደኞቼ አንድ ነገር እንዳለ ገባቸው። ባድሩ የሚባል የመድኃኒት ክፍል ሠራተኛ አለ፤ እንደ ወንድሜ ነው። ቅር ብሎት “ባዕድ አደረግሽን፤ ታመሽ እንኳ እንዳንጠይቅሽ!” አለኝ። መጠየቅ ጠልቼ አይደለም፤ እናንተ ዘንድ ስመጣ ጤነኛ ሆኜ የምውልበት ቦታ እንዲቀርልኝ ብዬ ነው አልኩት። “ይገባኛል” አለ። በነጋታው እንደ ወትሯችን “ሻዬ ላይ ስኳር አበዛህ” “አላበዛሁም” እየተባባልን ተጨቃጨቅን። ጭቅጭቅ እንዲህ ደስ ሊለኝ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ውጤቱ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ መጣ። ዶክተር ሙላት በሩን ዘጋ፣ እንደ ማንኛውም ታካሚ “ወይዘሮ ዙለይሃ” ብሎ አስቀመጠኝ፣ ከዚያ ክፉ በሽታ እንዳልሆነ ነገረኝ። ካንሰር አይደለም እታለም። አልሐምዱሊላህ! በየጊዜው መታየት ብቻ ነው የሚኖርብኝ። ለእማ የነገርኳት ማንም ሳይቀድመኝ እኔው ነኝ። ስልኩ ውስጥ እልል ስትል ጆሮዬን ልታደነቁረኝ ነበር። በሳምንቱ ለሲስተር ቅቤ ይዛ መጣች፤ ለካ የገና ጾም ላይ ናቸው። “ለበዓሉ ይቆየኛል እናቴ” ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው። አሁን እማ ሐይቅ ስትመጣ ከእኔ ቤት በፊት እሳቸው ጋ ትገባለች፤ የሚያወሩትን አላውቅም፣ አልጠይቅምም። በየሶላቴ ዱዓ ሳደርግ ስማቸውን ከእናንተው ጋር ነው የማነሣው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ግን ስለ ራሴ ለማውራት ብቻ አይደለም። ዑምኩልሱም ያንቺም አክስት ናት። ስትታጠቢ ደረትሽን በእጅሽ ዳብሺ፤ የተለየ ነገር ካገኘሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ሐኪም ጋ ሂጂ። እመቤትሽ አብራሽ ልትገባ ትል ይሆናል፤ ሐኪሟን “ብቻዬን ላናግርሽ” ማለት ነውር አይደለም፣ አትፍሪ። ያገኘሽውን ለማን እንደምትነግሪ አንቺ ትመርጫለሽ። ለእኔም ባትነግሪኝ አልቀየምሽም፤ መታየትሽ ይበቃኛል።

እማ ጉንጭሽን እየሳመች ሰላም ትልሻለች፤ ዱዓዋ አልተለየሽም። ሙአዊያ “እህቴን ሰላም በይልኝ” ብሏል። ሰሚሃ አክስቷ መቼ እንደምትመጣ ትጠይቃለች፤ ኢንሻአላህ እያልን እናባብላታለን። አብረውሽ ለሚኖሩት የወሎ ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አላህ በጤናና በሰላም ያገናኘን።

እህትሽ ዙለይሃ

ሐይቅ፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.