የጋቢው ጫፍ

ሆሳዕና፣ ኅዳር ፲፱፻፶፰

ወንድሜ ቸኮል፣

ይህችን ካርድ የምጽፍልህ አንገቴን ደፍቼ ነው። ማሸት ሊያስተምሩኝ የተቀበሉኝ ወጌሻ፣ አባባ ጴጥሮስ፣ ሴት ሲያሹ አማቷ ጋቢ ዘርግታ ትሸፍናታለች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው እጃቸውን ብቻ ከጋቢው ሥር ይሰዳሉ፤ ከመንካታቸውም በፊት በሀዲይኛ «እዚህ ጋ ልያዝሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔ የምሠራበት ሆስፒታል እንደሆነ «ልብስሽን አውልቂ» ብለን ነው የምንጀምረው።

ከሦስት ገበያ በፊት ጣቢታ የምትባል ሴት ወገቧን ታማ መጣች። የሽማግሌው አውራ ጣት የት ላይ እንዳረፈ ለማየት ጓጉቼ የጋቢውን ጫፍ ገለጥ አደረግሁ። ለመማር ብዬ እኮ ነው! እሷ ግን «ይበቃኛል» አለችና መታሸቷን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ቦታውን ማየት ፈልጌ ነው ብላቸው፣ አባባ ሳይቆጡ «እኔም እኮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይቼው አላውቅም» አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲትም ሴት ደጃቸውን አልረገጠችም። በኔ ጥፋት እሳቸው ሥራ ፈትተው በረንዳ ላይ ይውላሉ። ዛሬ ጣቢታን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ጎብጣ በእንጨት ተደግፋ ትሄዳለች። ይቅርታ ልላት ጠጋ ብል ነጠላዋን እስከ አገጯ ሳበች።

ካርዱ ሞላብኝ። ከበቡሽንና ልጆቹን ሳምልኝ። እናትህን ጉልበትዎን አሽቼ አድንዎታለሁ ብያቸው ነበር፤ የኔን እጅ እንዳይጠብቁ ንገርልኝ።

ኃይሉ