በመንበሩ ላይ የቢራ ሳጥን

ፍራንክፈርት፣ ቅዳሜ ጁን 17 ቀን 1995

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ዛሬ የጊንሃይም ሰፈር ጎረቤቴን፣ አሮጊቷን ኤርትራዊት እማማ ለተብርሃንን፣ ገጠር ያለውን የጥንት የሲስተርሲያን መነኮሳት ገዳም ላሳያቸው ወሰድኳቸው። ጣሪያው ፈርሶ ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ ወለሉ ሣር ነው። እማማ ግን ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁና ግድግዳውን ተሳለሙ።

ጠባቂው እየሮጠ መጣ። «ጫማቸውን እንዲያደርጉ ይንገሯቸው። ድንጋዩን መንካት ክልክል ነው፤ ይህ ዴንክማል፣ የተጠበቀ ቅርስ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለኝ።

ከኋላው፣ መንበሩ በነበረው ድንጋይ ላይ፣ የቢራ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«እነዚያስ ድንጋዩን አይነኩም?» አልኩት።

«ለማታው ኮንሰርት ናቸው። ፈቃድ አላቸው።»

እማማ «ምን አለሽ?» ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሄደው አንዱን ሳጥን አቀፉና ሣሩ ላይ አወረዱት። ሁለተኛውን ሲያነሱ እኔም በአንድ በኩል ያዝኩላቸው። ጠባቂው ፖሊስ እጠራለሁ አለ፤ ተረጎምኩላቸው።

«ይጥራ። እስኪመጡ እንጨርሳለን» አሉ።

ጨረስን፤ ፖሊስም አልመጣ። አሁን ግን ኮንሰርቱ ተጀምሯል። ሳጥኖቹን የት መልሰው እንዳስቀመጧቸው ሳስብ ደሜ ይፈላል።