አባባ ዋስ ሊሆኑኝ የመጡ ቀን

አሽቀሎን፣ ጥር 1985 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለጋሼ በለጠ፤

አንተም ባለቤትህም ልጆቹም እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሥራ አገኘሽ ወይ ላልከኝ፣ ገና ነው። በሒሳብ ሥራ ከተመረቅሁ ይኸው በጋውም ክረምቱም አለፈ። ከሩሲያ የመጡት መሐንዲሶች እንኳ በሙያቸው ሥራ አጥተው መጥረጊያ ይዘው መንገድ እየጠረጉ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ፋብሪካ ለራአዮን ጠርቶኝ ነበር፤ ማን ነሽ፣ ምን ትችያለሽ ብለው የሚጠይቁበት ነው። አባባ ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ «ያለ ዋስ ማን ይቀጥርሻል?» ብለው ተከተሉኝ። እምቢ ማለት አልሆነልኝም። ኃላፊው ፊት ቆመው በአማርኛ፣ «የማን ልጅ እንደሆነች እኔ ልንገርህ፤ ዋሷ እኔ ነኝ» አሉት። ሰውዬው ምን እንደሚሉ ሲጠይቀኝ በዕብራይስጥ፣ «ምንም አይደለም፣ አሁን ይወጣሉ» አልሁት። አባባ ቋንቋው ባይገባቸውም ዓይኔ ወደ በሩ ሲሄድ አይተው ወጡ።

ሥራውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

አባባ ደህና ናቸው። ምግብ ትንሽ ቀንሰዋል። ሰዎች ለዕርቅ ሲጠሯቸውም «ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» ይላሉ፤ ብርዱ ይሆናል። ትናንት ለሌላ ራአዮን ስሄድ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሸኙኝ። ብቻ አጠገቤ አልቆሙም። ከመንገዱ ማዶ፣ እንደማያውቀኝ ሰው ሆነው፣ አውቶቡሱ እስኪነሳ ቆሙ።

እባክህ ጋሼ፣ ለእሳቸው ለብቻቸው ጻፍላቸው። ስለ ልጆቹም ይሁን ስለ ቤቱ፣ አንድ ነገር ምከሩኝ በላቸው።

በሰላም ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

እህትህ ትሁን