እማዬ የሰጠችው ቁጥር

ቡራዩ፣ ማክሰኞ ኅዳር 9

ነገ ሰበታ ቤት ለቤት የምሞላውን የጥናት መጠይቅ ዛሬ በእማዬ ላይ ተለማመድኩት። ስለ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምን እንደምታምን ጠየቅኳት። "ሐቀኞች ናቸው። ከአምስት አምስት ጻፊ" አለችኝ።

ቀጥሎ የስሜት ጥያቄው መጣ፤ እንደተጻፈው አነበብኩት። "ልጅዎ ሙስሊም ቢያገባ ከዜሮ እስከ አስር ምን ያህል ደስ ይልዎታል?"

"ዜሮ። እንኳን ሆኖ ሲወራም ያመኛል። ለምን አትበይኝ፣ እኔም አላውቀውም" አለች።

ዜሮውን ጻፍኩ። የፍቅረኛዬ የከድር ሽማግሌዎች እሁድ ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፤ እሷ ስለ ከድር ምንም አታውቅም። ምን ይዋጠኝ? ሽማግሌዎቹን አስቀራቸው ልለው ደወልኩለት።

እሱ ቀድሞ "ለእናትሽ ነገርሻት?" አለኝ።

"አዎ፣ ደስ ብሏታል" አልኩት።