ከጉድጓዱ የወጣው ፍሬ

ሰኞ

አሁንም ምንም የለም። ጠዋቱን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ ያገኘሁት የሣር ሥር፣ የጥንዚዛ ክንፍ፣ ሌላው ያው ጭቃ ነው። አንገቴ ደርቋል። እንግሊዝ አገር ከተቆፈረው፣ ከሺህ ዓመት በላይ ከሆነው የሳክሰኖች መንደር፣ ከአንድ የውሃ ጉድጓድ ሥር ወጥቶ ለዩኒቨርሲቲያችን የተላከ አፈር ነው። ውሃው ስላልደረቀ አየር አይገባውም፤ የዚያ ዘመን ፍሬ ሳይበሰብስ ይቆያል ይባላል። ይባላል! የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተልባ። መንደርተኞቹ ተልባ ዘርተው ከአገዳው ክር እያወጡ ጨርቅ ይሸምኑ ነበር ብዬ የመመረቂያ ጽሑፌን ግማሽ ጽፌበታለሁ። ተልባው ካልተገኘ ግማሹ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

እማዬ "ይሄን ሁሉ ተምረሽ የፈረንጅ ጭቃ መልቀም?" አለችኝ። 

ማክሰኞ

ተልባ የለም። ግን ሌላ ነገር ተገኘ! ደቃቅ፣ ቡናማ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማትበልጥ ፍሬ። አንድ ብቻም አይደለች። የላቦራቶሪውን ማመሳከሪያ መጽሐፍ አገላብጬ አጣኋት። አማካሪዬ ካረን አየችና ወንበሬን ነጠቀችኝ። "እንዲህ ያለ ከዚያ ዘመን እንግሊዝ አይቼ አላውቅም" እያለች መቀመጥ አቃታት። ፎቶ አንስታ ወዲያው ለቆፋሪዎቹ ላከች። ስሜንም ጨምራ። ዕድሜው እንዲለካ እንልከዋለን አለች።

ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሴይንት ፖል፣ ወደ ቤት ወደ ኢገን ስመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም አልተሳደብኩም።

ረቡዕ

ጉድ ፈላ።

እማዬ ሻኮፒ ከተማ መጋዘን ውስጥ ነው የምትሠራው። ዱቄት አታምንም፤ ቀይ ጤፍ በጥሬው ትገዛና ከሥራ ኦፍ በሆነች ቁጥር ምግብ ጠረጴዛው ላይ በሰፌድ ታበጥራለች። ዛሬ ጠዋት ልወጣ ስል እያበጠረች ነበር። ሹራቤ እዚያው ወንበር ላይ ተንጠልጥሏል። ላቦራቶሪው ስለሚበርደኝ እዚያ ሁልጊዜ የምለብሰው እሱን ነው። አንስቼ ሳራግፈው ከእጅጌው የሆነ ነገር ረገፈ። እጥፋቱን ገለበጥኩት። ቀይ ጤፍ ተሰግስጎበታል።

ዕድሜ ልኬን የበላሁትን እህል በማይክሮስኮፕ ገዝፎ ስላየሁት ብቻ አላወቅሁትም! ደደብ!

እማዬ ላይ ጮህኩባት። "ኦፍ በሆንኩባት ቀን እህሌን ባበጥር ምን አጠፋሁ? ጤፍ ነውር ሆነ እንዴ?" አለችኝ። ምንም አላጠፋችም። ይበልጥ ያናደደኝም እሱ ነው። ላቦራቶሪ አልሄድኩም፤ አሞኛል አልኩ።

ሐሙስ

ለካረን ነገርኳት። እሷ ስለ "ያልታወቀው ፍሬ" መጻፍ ጀምራ ነበር። "ጤፍ ነው። የመጣው ከእኔ ሹራብ ነው" አልኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸችና ናሙናውን ከጥናቱ እናወጣዋለን አለች። "ሁሉንም?" አልኳት። "ሁሉንም" አለች። "ከአንቺ ጋር የገባውንና ከጉድጓዱ የወጣውን በምን እንለያለን?" ትክክል ናት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁበት ሥራ በአንድ እጅጌ ገደል ገባ።

አመሻሹ ላይ ካረን ደወለች። ከዚያው ጉድጓድ ያልተከፈተ አንድ ባልዲ አፈር ማቀዝቀዣ ውስጥ ቀርቷል። ነገ ይከፈታል፤ እሷም አጠገቤ ትቀመጣለች። እንደ ሌባ ልትጠብቀኝ ነው።

እማዬ "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም" አለች። ምናለ ዝም ብትል!

ዓርብ

አዲስ ልብስ ከነላስቲኩ ይዤ ሄጄ ላቦራቶሪ ውስጥ ቀየርኩ። ፀጉሬን ሸፈንኩ። ካረን ጎኔ ተቀምጣ እጅ እጄን ታያለች።  ጭቃ፣ ሥር፣ ጥንዚዛ።

ከምሳ በኋላ አንድ ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ፣ ጫፉ ሾል ያለ ፍሬ ብቅ አለ። ተልባ! ከወንበሬ ተነሣሁ። ካረን አልተነሣችም። "ይሄስ እናትሽ ቤት አለ?" አለችኝ።

አለ። እማዬ ጾም በመጣ ቁጥር ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በጥብጣ ትጠጣለች። መዋሸት አቃተኝ። "አለ" አልኳት። እንባዬ መጣ። በቃ፣ አለቀ ብዬ ወረንጦውን ሳስቀምጥ "ቆይ፣ ገልብጪው" አለች።

ገለበጥኩት። ፍሬው ብቻውን አይደለም። ከነቅርፊቱ ነው፤ ሌላም ፍሬ አጠገቡ አለ፣ ጭቃው ሁለቱንም አጣብቆ ይዟቸዋል። የእማዬ ተልባ ተወቅቶና ተበጥሮ በላስቲክ ታሽጎ ነው ከሱቅ የሚመጣው። ይሄኛው ጭራሽ አልተወቃም።

ካረን ደጋግማ አየችው። ዕድሜው መለካት አለበት አለች፣ እስከዚያ ለማንም አንጽፍም። እሺ አልኩ። ከዚያ ተነሥታ ወንበሯን ወደ ቦታው መለሰችና "ቀሪውን ብቻሽን ጨርሺው" ብላኝ በሩን ዘግታ ወጣች።