ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ

ሰኞ ግንቦት 4፣ ከሥራ መልስ
ሁለት ብሬክ፣ አንድ ራዲያተር። ከሥራ ቦታዬ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ቤቴ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል። እራት ሳልቀምስ ልጄ ማህሌት ወደ በልትስቪል ይዛኝ ሄደች። ደብተሬ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማህ. እያልኩ ነው የምጽፍልሽ። እሷና የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ በተከራዩት ጋራዥ ትንሽ የውድድር መኪና ይሠራሉ። ሞተሩ የሞተር ሳይክል ነው ስትለኝ ሳቅሁባት። ሠላሳ ዓመት መኪና ጠግኜ እንዲህ ያለ ጉድ አልሰማሁም።
ከዚያ አስነሱት። ሳቄን ዋጥኩ።

ማክሰኞ ግንቦት 5፣ ጧት
ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም። ሞተሩ ስድስት መቶ ሲሲ ነው፤ ሁለት ሰው አንስቶ ያስቀምጠዋል። በደቂቃ አሥራ ሁለት ሺህ ይዞራል፤ የኔ መኪና ስድስት ሺህ ላይ ምሕረት ትለምናለች። ካምቢዮው እዚያው ሆዱ ውስጥ። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው በሰንሰለት፣ እንደ ብስክሌት። የኋላ ማርሽ የለውም፤ ወደ ኋላ ሲፈለግ ልጆቹ ይገፋሉ። ይህን መጀመሪያ ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።
ጉልበቱን ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረውን ፍሪሲዮን ፈታ የገጠመችው ማህ. ናት። እሷ ክላች ነው የምትለው። እሁድ ውድድር ላይ የምትነዳውም እሷ። ለጓደኞቿ አባቴ ሞተር በጆሮው ያውቃል ስትል ሰማሁ። ደረቴ ተነፋ።

ረቡዕ ግንቦት 6
ዛሬም ጋራዣቸው ሄድኩ። ልጆቹ ፒዛ ሊያመጡ ወጡ። የሞተሩን ዘይት አየሁት፤ ጠቁሯል። ለራሴ መኪና የማስቀምጠው ውድ ዘይት አለ፤ ነዳጅ የሚቆጥብ፣ ከሁሉ ይበልጥ የሚያንሸራትት። ቀየርኩላቸው። ለማንም አልተናገርኩም። ሙያ በልብ ነው።

ሐሙስ ግንቦት 7፣ ማታ
ሞከሯት። ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ትንፏቀቃለች። ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ። የቡድኑ አለቃ ኬቨን ትሑት ልጅ ነው፤ ግን ፈረደ። ክላቹን እሱ ራሱ እንደገና ይገጥመዋል፣ እሁድም እሱ ይነዳል። ማህ. አልተከራከረችም። ስንመለስ "ኢትስ ፋይን፣ ዳድ" አለችኝ። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር። ፋይን አይደለም። ስድስት ወር የለፋችበት ነው። አንጀቴን በላችው።

ዓርብ ግንቦት 8፣ የምሳ ሰዓት
ጧት ቁርስ ላይ ጠየቅኋት፤ ፍሪሲዮኑ በየት በኩል ነው የተቀመጠው? "ኢን ዘ ኦይል" አለች፤ ዘይቱ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ይመስል። ዳቦው እጄ ላይ ቀረ።
በኛ መኪና ፍሪሲዮን ደረቅ ነው፤ ዘይት ከነካው አለቀለት። እዚህ ለካ ሞተሩም፣ ካምቢዮውም፣ ፍሪሲዮኑም አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ጥበብ ነው፤ ተናድጄም አደነቅሁ። የኔ ዘይት ሥራው ማንሸራተት ነው፣ አንሸራተተ። ማህ. ምንም አላጠፋችም።
የሞተር ሳይክል ዘይት ገዛሁ። አሁን አንድ ሐሳብ መጣ። ልጆቹ ሳይመጡ ገብቼ በዝምታ ብለውጠው ማን ያውቃል? ፍሪሲዮኑ ምናልባት ይድን ይሆናል። የማህ. ስም ግን አይድንም።

ዓርብ አመሻሽ 11፡40፣ በልትስቪል፣ መኪና ውስጥ
ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ናቸው፤ በሩ ክፍት ነው። ኬቨን ፍሪሲዮኑን ሊፈታ መፍቻ ይዟል። ማህ. ጥግ ላይ ቆማ መብራት ታበራለታለች። ቦታዋን ለሚወስድባት ሰው መብራት ታበራለች። እንዲህ ያለች ልጅ ነው የወለድኩት።
ወስኛለሁ። ሁሉም እየሰሙ፣ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። ከእንግዲህ በጆሮው ያውቃል አይሉኝም፤ ይቅር። መሪውን ይዤ ስለማመድ ነው የቆየሁት። በአማርኛ ሳስበው "ዘይቱ ተቀይሮ ነበር" ብሎ ማምለጫ አለው፤ ማን እንደቀየረው አይታወቅም። በእንግሊዝኛ ሞከርኩ፣ "ዊ ቼንጅድ" ብዬ ጀመርኩ። ማን ነው ዊ? ልጄንም ልጨምር ነው?
አይ። አይ ቼንጅድ ዚ ኦይል፤ ዘይቱን የቀየርኩት እኔ ነኝ። አይ። በቃ ወረድኩ፣ ኬቨን የመጀመሪያውን ብሎን ሊፈታ ነው።