ሦስት ማዳመጫ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክልኝ? እኛ ደህና ነን፤ ወፍጮ ቤታችንም እንደ ድሮው ሲጮኽ ይውላል።

ኮሌጁ የጠየቀኝን የእንግሊዝኛ ፈተና ተፈተንኩ። ንባቡንም ጽሑፉንም አለፍኩ፤ የጣለኝ ማዳመጡ ነው። የሰጡኝ ማዳመጫ ብልሽት ነበረበት። ሌሎቹ ተፈታኞች አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ፤ እኔ ግን ተነስቼ ተናገርኩ። ሦስት ጊዜ ቀየሩልኝ፤ ሦስቱም የማይረቡ ናቸው።

እማዬ ሰሞኑን ማንሾካሾክ ጀምራለች፤ ስቆጣት ታለቅሳለች። አባዬ ደግሞ ወፍጮው ሲጮኽ በእጅ የምንግባባበትን ልማድ ቤት ድረስ ይዞት መጥቷል፤ ለእራት እንኳ የሚጠራኝ በምልክት ነው።

ለድጋሚ ፈተና ተመዝግቤያለሁ። ኮሌጁ እኔን ሳያስገባ በሩን አይዘጋም።

የስልካችንም መስመር ስለማይረባ ከእንግዲህ አትደውል፤ ጻፍልኝ።

እጅ የማትሰጠው እህትህ